ድምፁ የሳሳው ሳጥን

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለ ጉልፋራዝ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደ ዳኛ መዶሻ ምንጣፉ ላይ አሳርፎ። «ዛሬ ከሰዓት አምፕሊፋየሩ ይጠገናል።»

«ሁላችሁም» የተባሉት ሚስቱ ራዚያና የአስራ አራት ዓመት ልጁ ተህሚና ነበሩ። ግቢው ውስጥ የምትጭር አንዲት ዶሮም ነበረች፤ እሷም ለአፍታ መጫሯን አቆመች። እንዲህ ያለ አዋጅ በዚያ ቤት ሲታወጅ የመጀመሪያው አልነበረም። በዚህ ዓመት ብቻ አምፕሊፋየሩ ሁለት ጊዜ ሊታይ ሄዶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል።

«ይሻላል፣ ይጠገን» አለች ራዚያ ጮክ ብላ። ራዚያ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሁሉንም ነገር ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው። ምነው ያላት ሰው ካለ በጎረቤቱ ጀነሬተር ታሳብባለች። ጎረቤቱ ጀነሬተሩን ከሸጠው ቆይቷል።

«ድምፁ ሳስቷል» አለ ጉልፋራዝ፣ ፓራታ ቂጣውን እየቆረሰ። «ዘፈኑ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። ደግሞ የትናንቱን ሰማሽ አይደል? ያ ሳጥን ባይረብሸኝ ኖሮ ልጅቷን እሰማት ነበር።»

አንድ ሳጥን በአንድ ጊዜ ድምፁ የሳሳም የሚረብሽም እንዴት ሊሆን እንደቻለ የጠየቀ አልነበረም። ተህሚና ዓይኗን ከሻይዋ ላይ አላነሳችም።

ጉልፋራዝ በሃሪፑር ከተማ የተማሪዎች ቫን ይነዳል። ጠዋት ሴት ልጆችን ከየሰፈሩ ለቅሞ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት መልሶ በየበራቸው ያወርዳል። ልጆቹ «ቻቻ» ነው የሚሉት፤ አጎቴ እንደማለት። የእሱ ቫን በሁለት ነገር የታወቀች ናት። አንደኛ፣ በዚያ መንገድ እንደሷ ጥርት አድርጎ የሚዘፍን መኪና የለም፤ ከፊት ወንበሩ ሥር ያለው ጥቁር ሳጥን፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ፣ የቴፑን ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ለድምፅ ማጉያዎቹ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ጉልፋራዝ ይጠብቃል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጡሩምባቸውን አንዴ ነፍተው ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ያረፈደችው ልጅ ጸጉሯን ተጎንጉና፣ ቦርሳዋን ረስታ፣ ተመልሳ፣ እናቷን ስማ እስክትወጣ ድረስ መሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል።

ትናንት የአንደኛ ክፍሏ ሀሪም ስትወርድ፣ የሻሿ ጫፍ በተንሸራታቹ በር ተያዘ። «ቻቻ፣ ይቁሙ!» ብለው ልጆቹ በሙሉ ጮኹ። ቻቻ ግን መንዳቱን ቀጠለ። ቫኗ ሀሪምን ጥቂት ከጎተተቻት በኋላ ነው ከፊት የተቀመጠችው ተህሚና የአባቷን እጅጌ የያዘችው፤ ለፊዚክስ ፈተና እያነበበች ስለነበር ዘግይታለች። ሀሪም ጉልበቷ ተላጠ፣ አንድ ጫማዋም ውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ይሄ አምፕሊፋየር!» አለ ጉልፋራዝ፣ ልጅቷን አቅፎ እያነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «በዚህ ጩኸት ምን ይሰማል?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እውነት ነው ቻቻ!» አለች የተህሚና ጓደኛ ሱምቡል፣ በጆሮው አጠገብ። «ጩኸቱ አይጣል ነው!»

ሌሎቹም አይጣል ነው አሉ።

አምፕሊፋየሩ ትናንት ድምፅ አላወጣም። ከትናንት ወዲያም አላወጣም። ከሞተ ቀናት አልፈውታል።

*

የፊት ወንበሩ ለተህሚና ሥራ ሆኗታል። ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ የአባቷን ክንድ አንዴ ትነካለች። «ወራጅ አለ» ሲባል ሁለቴ ትነካለች። ይህን ቋንቋ ማንም አላስተማራቸውም፤ ስለሱም አውርተው አያውቁም። አባቷ ክንዱ ሲነካ መንገዱን እያየ «አየሁት፣ አየሁት» ይላል፣ ራሱ እንዳየው ሁሉ።

ያን ቀን ጠዋት ሀሪም ጉልበቷ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ የወንድሟን ሰፊ ጫማ ተጫምታ ተሳፈረች። ሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አስገባችና አፏን ከተህሚና ጆሮ ጋር አገናኘች።

«ለእማዬ ራሴ ነኝ የወደቅኩት አልኳት።»

«ማን ነው እንደሱ በይ ያለሽ?»

«እነሱምቡል። ሻሹን ስለቀደድኩት እማዬ መታችኝ። ግን አልተናገርኩም።» ጥቂት አሰበች። «ጎበዝ ነኝ አይደል?»

«ጎበዝ ነሽ» አለቻት ተህሚና።

ሀሪም ደስ ብሏት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ተህሚና የፊዚክስ መጽሐፏን ጭኗ ላይ እንደያዘች ትምህርት ቤት ደረሱ፤ አልገለጠችውም።

በር ላይ ሱምቡልን በቦርሳዋ ማንገቻ ይዛ አስቀረቻት።

«ሕፃን ልጅ ታስዋሻለሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ሱምቡል፣ ማንገቻዋን እያስለቀቀች። «እናትየዋ ብትሰማ በነጋታው ሁሉም እናቶች ይሰማሉ። ቻቻ ከቀረ ደግሞ ያ ጢማሙ ሹፌር ነው የሚመጣልን። አባቴ እሱ መኪና ውስጥ እግርሽን አታስገቢም ብሎኛል። ስለዚህ ትምህርት ቀረ ማለት ነው፣ ወጥ መሥራት ጀመርኩ ማለት ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«አንቺ ደግሞ እኔ ላይ ዓይንሽን አታፍጥጪ። አባትሽ ነው፤ የኔ አባት አይደለም።»

ይህን ካለች በኋላ ራሷ ደነገጠች። ከዚያ የተህሚናን ክንድ ይዛ ወደ ክፍል አስገባቻት፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተባለ ሆኑ። በዚህ በኩል ሁለቱም ሠልጥነዋል።

*

መኪና አስጌጪዎቹና ጠጋኞቹ ያሉበት መንገድ ላይ ሁሉም ሰው ይጮኻል። ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ጡሩምባ ይሞከራል፣ አስር ዘፈን በአንዴ ይከፈታል። ስለዚህ እዚያ ጉልፋራዝ እንደማንኛውም ሰው ነው። ሁሉም «እ?» ይላል፤ ሁሉም ጆሮውን ያስጠጋል። ከመኪናው ሲወርድ ትከሻው ቀለል ሲል ተህሚና ታየዋለች።

«በሽተኛችን መጣች?» ሲል ተቀበላቸው ሠፈሩ ሁሉ «ኡስታድ»፣ የሙያ ጌታ እንደማለት፣ የሚለው ጠጋኙ ሙኽታር። ሰፊ ሆድና በክር የታሰረ መነጽር ያለው ሰው ነው። «ጉልፋራዝ፣ ይቺን ሳጥን ከሚስትህ ይበልጥ ሐኪም ቤት አመላለስካት።»

«ሚስቴ ድምፅዋ አልሳሳም!» አለ ጉልፋራዝ። ሁለቱም ሳቁ።

ኡስታድ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ገና ብሎኑን ሳይፈታ ከጎኑ ያለውን ፊውዝ ነቀለና ወደ ብርሃን አነሣው።

«ይሄ ደግሞ ብር ለብሷል! ማንን ሊያገባ ነው?»

ፊውዙ በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በዚያ ከተማ ፊውዝ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ለምን እንደማይደረግም ሁሉም ያውቃል።

«እኔ አይደለሁም» አለ ጉልፋራዝ፣ ቅር ብሎት። «ሲጋራ ከተውኩ ስንት ዘመኔ!»

ኡስታድ ከመነጽሩ በላይ ተህሚናን አያት። ተህሚና የጠረጴዛውን ጠርዝ አየች። ባለፈው ሳምንት አባቷ ነዳጅ ሊያስሞላ ወርዶ ሳለ ዘፈኑ በድንገት ጠፍቶ ነበር። እሱ ሳይመለስ ወረቀቱን ከመሬት አንሥታ፣ ፊውዙን ጠቅልላ መለሰችው። ዘፈኑ ተመለሰ። ባትመልሰው ኖሮ አባቷ ገብቶ ሲቀመጥ ምን ይል እንደነበር ማወቅ አልፈለገችም። ከሁለት ቀን በኋላ ከወንበሩ ሥር የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።

«ፊውዝ እኮ እንዲሞት ነው የተሠራው» አለ ኡስታድ፣ ለማንም ሳይሆን ለብሎኖቹ እየተናገረ። «እሱ ቶሎ ሲሞት ሌላው ይተርፋል። እሱን እንዳይሞት ከያዝከው ሌላው ይሞትለታል።»

ክዳኑ ሲነሣ ሽታው እንደገና ወጣ። ኡስታድ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ግማሹን በጣቱ ከበበ። «ፓወር ሰፕላዩ ይሄ ነው። ባትሪው የሚሰጠው አስራ ሁለት ቮልት ነው፤ በአስራ ሁለት ቮልት ደግሞ የማንም መስኮት አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ እነዚህ አራት ትራንዚስተሮች ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጡ ለዚህ ለተጠመጠመው መዳብ ያቀብላሉ፤ እሱ ከፍ ያደርገዋል። ቆራጮቹ ከሞቱ ሳጥኑ ሬሳ ነው።» ቴስተሩን አንሥቶ ጫፎቹን በየእግሮቻቸው ላይ አሳረፈ። የመጀመሪያው ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ቴስተሩ ጢጥ አለ። ሦስተኛው ላይም ጢጥ አለ። የሦስተኛው ሆድ ተሰንጥቆ ጥቁር ሆኗል።

«ጤነኛ አይጮህም» አለ ለተህሚና። «የሚጮኸው የሞተው ነው።»

ከዚያ ቀና አለ። «ጉልፋራዝ! ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

«ጠፍቶ አያውቅም!» አለ ጉልፋራዝ። «ትናንት እንኳ ሲዘፍን ነው የዋለው። የሳሳ ነው እንጂ።»

ኡስታድ የተሰነጠቀውን ትራንዚስተር ተመለከተ። የቴስተሩን ጫፎች አሁንም እንደያዘ ነው።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «የሳሳ ነው።»

የመንገዱ ሱቆች መዝጊያቸውን ወደታች መሳብ ጀመሩ። ጉልፋራዝ ያን አይቶ ቆቡን ከኪሱ አወጣ። «ለሶላት ደርሼ ልመለስ» አለ። መስጊዱ ከጠራ ቆይቷል፤ ማጉያው ደግሞ ከኡስታድ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ነው።

*

ኡስታድ አራቱንም ትራንዚስተሮች እየነቀለ ነበር። አንዱ ሲሞት ጓደኞቹም መቁሰላቸው አይቀርም፣ ደህናውን ከአዲስ ጋር ማቀላቀል መዘዝ ነው አለ። ከእነሱ አጠገብ የከሰሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮችም አወጣ። ተህሚና መብራቱን ያዘችለት።

«ሁለት ጊዜ ሲያመጣት ምንም አልነበራትም» አለ፣ ከመበየጃው ጫፍ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «አቧራዋን እፍ ብዬላት ተሻላት አልኩት።»

«ለምን?»

«ምን ልበለው? ሰው ሳጥን ይዞልሽ ከመጣ ሳጥኑን ነው የምታዪለት። ጠረጴዛዬ ላይ ያላስቀመጠውን ነገር እንዴት እነካለሁ?»

የጢሱ ክር በመካከላቸው ወጣ።

«ዛሬ በእውነት ታማ ስትመጣ ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?» አለ። «እስቲ አሁን ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው?»

«ኡስታድ፣ እርስዎ ይንገሩት።»

መበየጃው አንድ እግር ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«እኔ ከነገርኩት ሁለተኛ እዚህ አይመጣም። እዚህ ካልመጣ ደግሞ የት ይሄዳል? እዚህ እኮ ነው የሚስቀው። እናትሽ ትንገረው።»

«እማዬ ጀነሬተር ነው የምትለው።»

ኡስታድ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ያዘው።

«ነገ ጠዋት ሀሪም ትሳፈራለች» አለች ተህሚና።

«ማናት ሀሪም?»

«የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት። ትናንት ጎትተናታል።»

ኡስታድ መበየጃውን ማሳረፊያው ላይ አኖረ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ከጠረገው በኋላ መልሶ ጠረገው። ጉልፋራዝ ከመስጊድ ሲመለስ ሁለቱም ሰሌዳውን ያዩ ነበር።

መሞከሪያው የቆየ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነው። ኡስታድ በባትሪውና በሳጥኑ መካከል አገባው። «ቦግ ብሎ ከቀረ፣ ውስጧ አሁንም ሾርት አለ ማለት ነው። ብልጭ ብሎ ከደከመ ግን ድናለች» አለ፣ ለጉልፋራዝ በእጁም ጭምር እያሳየ። ጉልፋራዝ ጎንበስ ብሎ ኑዛዜ እንደሚጠብቅ ወራሽ አምፖሉን ተመለከተው። ኡስታድ ሽቦውን አስነካ። አምፖሉ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ቀልቶ፣ ደክሞ፣ ጠፋ ሊባል ደረሰ።

«ዳነች!» አለ ጉልፋራዝ። በጣም ስለጮኸ ከሁለት ሱቅ ወዲያ ያሉት ብቅ አሉ። «ስሙ እናንተ! ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጤነኛ ናት ብሎ መልሶኛል! አራቱም ትራንዚስተር ተቃጥሎ! አላልኩም? የኔ ጆሮ አይዋሽም!»

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ ኡስታድ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሰዎቹ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። አንዱ ትከሻውን መታው። ጉልፋራዝ የተነቀሉትን አራት ትራንዚስተሮች በወረቀት አስጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ለራዚያ ሊያሳያት።

*

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ከተራራው አናት ላይ ነበረች። ጉልፋራዝ ቫኗን በራፉ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በጡሩምባ ራዚያን ጠራት። ራዚያ እጇን በሻሿ እየጠረገች ወጣች። ሱምቡልም ከሚቀጥለው በር እርጎ በሳህን ይዛ ብቅ አለች፤ እናቷ ለራዚያ የላከችው ነው።

«ይቺን እዪ!» አለ ጉልፋራዝ፣ ወረቀቱን ለሚስቱ ዘርግቶ። «በሽታው ይሄው! በዓይንሽ እዪው! እስቲ አሁን ደግሞ ስሚ።»

ዘፈኑን ከፈተ። አጥሩ ላይ የነበሩ ድንቢጦች ብር ብለው ተነሡ።

«ያምራል!» ብላ ጮኸች ራዚያ። የእፎይታዋ እውነተኛነት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች እንደ ወርቅ ነበር የያዘቻቸው። «ተመስገን! ሳጥኑ ነበር ማለት ነው!»

«አሁን ገና ድምፅ መጣ ቻቻ!» አለች ሱምቡልም። ወደ ተህሚና አየችና ፈገግ አለች።

ተህሚና ከፊት ወንበሯ አልወረደችም። አባቷ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መሪውን በጣቶቹ ይመታል። ይህን ዘፈን እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እናቷን ያገባ ጊዜ ያስዘፈነው ነው ይባላል። ከወራት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም።

ነገ ጠዋት ክንዱን ትነካዋለች። ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን ደግሞ ፈተና ይኖርባታል፣ ወይም ትታመማለች፣ ወይም በመስኮት ሌላ ነገር ታያለች።

እጇን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደች። ወደ ሳጥኑ ሁለት ወፍራም ሽቦና አንዲት ቀጭን ሽቦ ይገባሉ። ቀጭኗ ቴፑ ሲከፈት ሳጥኑን የምትቀሰቅሰው ናት። በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ጥቂት እንደያዘቻት ቆየች።

ሳበቻት።

ዘፈኑ ቆመ። የሞተሩ ንዝረት ብቻ ቀረ። ከታች መንገድ አንድ አትክልት ሻጭ ሲጣራ ተሰማ። ራዚያ «በጣም ነው...» ብላ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ሱምቡል ሳህኗን እንደያዘች ቀጥ አለች።

የጉልፋራዝ ጣቶች መሪውን መምታታቸውን ቀጠሉ። አንድም ምት አልሳቱም። ከበሮው የሚገባበት ቦታ ሲደርስ መዳፉን አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺን ከበሮ ሰማሽ ራዚያ?» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ሰማሽ? አሁን ገና ዳነች!»



ዓይኑን ገለጠ። አስቀድሞ ሚስቱን አየ፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ተጨማዷል። ከዚያ ሱምቡልን አየ፤ ሱምቡል እርጎውን ትመለከታለች። በመጨረሻ ወደ ጎኑ ዞረ። ተህሚና ቀጭኗን ሽቦ ጉልበቷ ላይ አኑራታለች፤ አልደበቀቻትም። ክንዱንም አልነካችውም።

ጣቶቹ መሪው ላይ ቆሙ።

«መቼ ነው የነቀልሽው?» አላት።